የአራስዋ ደመወዝ ከማን ኪስ ይውጣ?

«መንግሥት እናትን በቤትሽ ተቀምጠሽ የገዛ ልጅሽን አሳድጊ፤ እኔም ስለዚህ ገንዘብ እቈርጥልሻለሁ የሚልበት አገር አለ» ብትሉ፥ ከደሴ ሰው ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹም ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ከየት እንደሚነሣ ይጠይቃል። ነገሩ ግን ተረት አይደለም። በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሕግ፥ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ወደ ሕዝብ ማቆያ ሳያስገቡ በቤት ለሚያሳድጉ ወላጆች በየወሩ ገንዘብ ይሰጣል። ኖርዌይ በ1998 ተከተለች። ስዊድን ደግሞ በ2008 ጀምራው በ2016 ተወችው። ገንዘቡን የሚወስዱት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ይልቁንም ከውጭ አገር የመጡት ከሥራና ከቋንቋ ርቀው ይቀራሉ የሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚያ አገሮች ገንዘቡን የሚሰጡት አስቀድመው በመንግሥት የሚደገፍ የሕፃናት ማቆያ ስለ ሠሩ፥ ማቆያውን ለማይፈልግ ወላጅ ምትክ እንዲሆነው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ለዚህ አሳብ እጅግ የሚቀርበው ነገር የሚገኘው በከተማ ሳይሆን በገጠር፥ ያውም በእኛው በወሎና በመሰሎቹ ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። ሰው «ሴፍቲኔት» እያለ የሚጠራው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፥ የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኝ ተደረገ። ነፍሰ ጡርዋና አራስዋ ግን ድንጋይ አትሸከምም። በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው በአራተኛው ምዕራፍ ደንብ፥ ነፍሰ ጡርዋ ከሥራው ወጥታ ልጅዋ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ክፍያው አይቋረጥባትም ነበር። በፈንታው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትታይ፥ ልጅዋን እንድታስከትብና እንድታስመዝን ይነገራታል። ስሙን «ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ» ብለውታል፤ የቢሮ ስም እንደ ቢሮ ወረቀት ደረቅ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ መዘግየቱንም የማያውቅ የለም፤ የሚሰጠውም ድኻ ስለ ሆነች እንጂ እናት ስለ ሆነች አይደለም። ቢሆንም አንዲት ሴት ልጅዋን ታቅፋ የምትውልበትን ቀን እንደ ሥራ ቀን የቈጠረላት ሌላ ደንብ በአገራችን አላየሁም። በ2009 ዓ.ም. የከተሞቹ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመርም ደሴ አንዷ ነበረች።

አሁን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘረፈ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ታናሽ እኅቴ በዚያው ከተማ በአንድ የልብስ ፋብሪካ፥ ስሙን አልጠራውም፥ በስፌት መኪና ላይ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅድላታል። የቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የፈቀደው 60 ቀን ነበርና፥ ለተጨመረው 30 ቀን እሰየው እላለሁ። ለአባትየው የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። (በሦስት ቀን የአራስ ጠያቂው ቡና እንኳ ተፈልቶ አያልቅም።)

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሒሳቡን ላስቀምጠው። ጤና ጣቢያው «እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም እንዳትሰጪው» ይላል። ሕጉ በሦስተኛው ወር «ወደ ሥራሽ» ይላል። መካከል ላይ ሦስት ወር ይቀራል። ይህን ሦስት ወር ማን ይሸፍነው? ሞግዚት ብትቀጥር ከደመወዝዋ ከግማሽ በላይ ይሄዳል። እናታችን ከእኔ ጋር ደሴ ናት፤ እግርዋን ስለሚያማት ደረጃ መውጣት እንኳ አትችልም። ስለዚህ ሕፃኑ ወደ ሐርቡ፥ ወደ አባቱ እናት ተላከ። እዚያ በጡጦ የላም ወተት ይጠጣል። እኅቴ እሑድ እሑድ እየሄደች ታየዋለች። በሥራ ቀን ጡትዋ ሲያጋት ወደ መጸዳጃ ቤት ትገባና አልባ ትደፋዋለች። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም።

ያለ ደመወዝም ቢሆን ሁለት ወር እንዲጨምርላት አለቃዋን ጠይቃው ነበር። «በዚህ መሥመር በአንድ ወር ሦስት ወለዳችሁ፤ የሦስታችሁንም የከፈልሁ እኔ ነኝ» አላት። ፈቃዱን መከልከሉን አልወደድሁለትም፤ ነገር ግን ሐሰት አልተናገረም። በአገራችን የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ የሚወጣው ከቀጣሪው ኪስ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀጣሪው አዲስ ሠራተኛ በሚመርጥበት ቀን ያገባችዋን ልጅ በምን ዓይን እንደሚያያት እናንተው ገምቱ። የዓለም የሥራ ድርጅት ይህን ያየው ቀደም ብሎ ነው። በተቋቋመበት በ1919 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ ስምምነት፥ የእናትዋ አበል ከመንግሥት ገንዘብ ወይም ከመድን እንዲከፈል ጽፏል።

ስለዚህ እኔ የኖርዌይን ዓይነት ገንዘብ ለኮምቦልቻ አልመኝም። ማቆያ በሌለበት ገንዘብ ብቻ መስጠት ልጅቱን ከመኪናዋ አስነሥቶ በዚያው ማስቀረት ይሆናል። ማቆያውስ? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፥ ሴት ሠራተኞች ሕፃኖቻቸውን የሚያጠቡበት ማቆያ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎች፥ የእናንተ ክፍል የትኛው ፎቅ ላይ እንደ ሆነ ነገ ጠይቁልኝ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ለጡረታ ከሠራተኛው 7፥ ከቀጣሪው 11 በመቶ ይገባል፤ ከመቶ ብር 18 ብር ለእርጅና ይቀመጣል ማለት ነው። ለልደት ግን አንዲት ሳንቲም የምትቀመጥበት የጋራ ሣጥን የለም። ከሁለቱም ወገን ጥቂት ተጨምሮ ለዚያ ለተረሳው ሦስት ወር ግማሽ ደመወዝ ቢከፈል ምን ይጎዳል? ቅሬአችን ለሞተ ሰው በየወሩ ሲያዋጣ ማንም አላጉረመረመም።

ይህን በመምህራን ክፍል ባነሣው፥ አንድ ያላገባ የሥራ ባልደረባዬ «እኔ ልጅ የለኝም፤ ለሰው ልጅ ለምን እከፍላለሁ?» አለኝ። «አንተ ስትጦር ያን ጊዜ እየሠራ መዋጮውን የሚያስገባው የማን ልጅ ነው?» አልሁት። ሻዩን አማስሎ ዝም አለ፤ ቆይቶም መቶኛው ስንት እንደሚሆን ጠየቀኝ።