ብቻዬን ያሳለፍኩት ገና

ስቶክሆልም ማስተርሴን ስማር ገና በሥራ ቀን ዋለ። ላይብረሪ ዋልኩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጨለመ። እማዬ ደውላ «ምን በላሽ ልጄ?» ስትለኝ «ዶሮ ሠርቼ» አልኳት። የበላሁት ደረቅ ዳቦ ነበር።

ለሳምንታት እንቅልፍ አጥቼ፣ ምግብም አስጠልቶኝ ነበር። ታካሚ ቢነግረኝ በደንብ እጠይቀው ነበር፤ ራሴን ግን «ብርዱ ነው፣ ፈተናው ነው» እያልኩ አለፍኩት። (ሐኪም መሆን ከዚህ አያድንም!)

ባሕር ማዶ የምትማሩ፣ በዓል ሲደርስ ሆድ መባስ በሽታ አይደለም። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ የምትወዱት ነገር ካስጠላችሁ፣ ይህም 2 ሳምንት ከቆየ ግን ሐኪም አማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ አንድ ቀንም አትጠብቁ።

በማግስቱ ለእማዬ ደውዬ «ዶሮ አልሠራሁም» አልኳት።

«ድምፅሽ ነግሮኛል» አለችኝ።