ሰባት ወንበር

ሆሳዕና ውስጥ መኪና የሚገዛው አንድ ሰው አይደለም፤ ዘመድ ሁሉ ነው። ልጁ ከጆሃንስበርግ ገንዘብ ይልካል፤ እዚህ አባት፣ አጎትና አማች ተሰብስበው ቀለም ይመርጣሉ። (መቼም ነጭ ነው!)

አንድ ጎረቤቴ ሰሞኑን ምክር ፈልገው መጡ።

«ፕራዶ ይሻለኛል ወይስ ቪ8?»

«ጋሼ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እኮ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል። ፕራዶ ካሉ፣ ቀድሞ የገባ ያገለገለ ይፈልጉ። አዲስ ካሉ ኤሌክትሪክ ነው።»

«ቤተሰቡን ይይዛል?»

«የቮልስዋገን አይዲ ሲክስ ሰባት ወንበር ያለው አለ። ቻይና ነው የሚሠራው።»

«አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል?»

በወራቤና በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ደርሶ መልስ 460። የፋብሪካው ወረቀት ይበቃል ይል ይሆናል፤ ወረቀት ግን ዳገትም ጭነትም አያውቅም። እኔ ብሆን አዲስ አበባ ሳልሞላ አልመለስም። ሆሳዕና ላይ ደግሞ ሌሊት ቤት መሙላት ነው፤ መብራት ከፈቀደ።

ጋሼ አሰብ አደረጉና፣ «ለያሆዴ በዓል የሚጫነው ቆጮና ቅቤስ?»

«የኋለኛውን ወንበር ያጥፉታላ።»

«ታዲያ ሰባት ነው ያልከኝ የታል?»