ደመወዝ የሌለው ዳኝነት

የአገራችን ሰው ዳኝነትን የሚያውቀው ከኳስ ሜዳ አስቀድሞ ከችሎት ነው። በቀድሞው ዘመን መንገደኛ እንኳ በሕግ አምላክ ተብሎ ሲለመን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሁለት ባላጋራዎችን ክርክር ይሰማ ነበር። ስለዚህ የኳሱንም ፈራጅ «ዳኛ» ብለን መሰየማችን የሚያስደንቅ አይደለም፤ ነገር ግን ስሙ ጣጣ አምጥቶብናል። በችሎት ተከራካሪው ነገሩን እንደ ልቡ ያስረዝማል፥ ምስክር ይቆጥራል፥ ይግባኝ ይላል። የኳስ ዳኛ ግን ዐይኑ ያየውን በአንድ እስትንፋስ ይፈርዳል። እኔ ከመሥሪያ ቤት ሥራዬ ውጭ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች ጨዋታ የሚዳኙ ፈቃደኞችን ሳሠለጥን ከሁሉ የሚያደክመኝ ይህን ማስረዳት ነው፤ ለሠልጣኞቹ ሳይሆን ለተመልካቹ።

ሠልጣኞቹ ከ16 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ፊሽካ መንፋት ነው። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። በጨዋነት ያደገ ልጅ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር የለመደ ስለ ሆነ ፊሽካውንም ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ይነፋዋል፤ የፈራ ፊሽካ ደግሞ በተጫዋች ዘንድ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ማልደን እየወጣን በሜዳው ዳርና ዳር ተራርቀው እንዲነፉ አደርጋለሁ። የሰፈሩ ውሾች ይህን ትምህርት አልወደዱልንም።

ከ17ቱ የጨዋታ ሕጎች ብዙ ጊዜ የሚወስደው 11ኛው፥ ከጨዋታ ውጭ የሚባለው ነው። ቆርኪዎችን በጠረጴዛ ላይ እደረድርና፥ አጥቂው በተጋጣሚው ሜዳ ሳለ ጓደኛው ኳሱን በነካበት ቅጽበት ከኳሱና ከመጨረሻው በፊት ካለው ተከላካይ አልፎ እንደ ሆነ አሳያለሁ። በዚያ ቦታ መገኘት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው በጨዋታው ሲገባበት ነው። ሕጉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1925 ድረስ በሁለት ፈንታ ሦስት ተከላካዮችን ይጠይቅ ነበር፤ በተሻሻለ ጊዜ ግብ በረከተ። ልጆቹ ይህን ታሪክ ይወዱታል።

በዳኝነት ከሚገኙት መካከል አንዲት የ17 ዓመት ልጅ አለች። የመድኃኒት ባለሙያዋ ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 ለሴቶች የዓለም ዋንጫ በዳኝነት መመረጧን ሰምታ ነው የመጣችው። አንድ ቀን ግብ አጸደቀች፤ ወዲያው የረዳቷን ባንዲራ አየችና ጠይቃ፥ ጨዋታው ሳይጀመር ግቡን ሻረችው። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ተመልካቹ ግን ጮኸ፤ በዕድራችን የሚከበሩ አንድ ሽማግሌም ከዘራቸውን ይዘው ከሜዳው መካከል ገቡ።

«ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከመስመሩ ወዲያ ይቁሙልኝ። ጨዋታው ሲያበቃ መጥቼ እሰማዎታለሁ» አለቻቸው።

አልወጡም። እርሷም አልተከራከረችም፤ ፊሽካውን በእጅዋ ይዛ ጠበቀች። በመጨረሻ ግቡ የተሻረበት የልጅ ልጃቸው «አባባ፥ ይውጡልን፤ ሊመሽብን ነው» ቢላቸው ወጡ። ልጅቱም ቃሏን ጠብቃ፥ ከጨዋታው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ተግሣጻቸውን ሰማች።

ነገሩ ከእናቷ ጆሮ ሲደርስ ለሁለት ቅዳሜ ከቤት አልወጣችም። ቡና ተፈልቶልኝ ከቤታቸው ተቀመጥሁ። እናቲቱ «ወንድሜ፥ ልጄ ደመወዝ ሳይቆረጥላት ለማን ብላ ትሰደባለች?» አሉኝ። «እትዬ፥ ዳኛ በታጣ ቀን የልጆቹ ክርክር የሚያልቀው በድንጋይ ነው» ብዬ መለስሁ። እውነቴን ነው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄያቸው ጥያቄ ነው። ከ11 ጀማሪዎች ዛሬ የቀሩኝ 5 ናቸው፤ የሄዱት በሕጉ ክብደት ሳይሆን በስድቡ ነው። በእኔ አስተያየት ከዳኞቹ ይልቅ ወላጆች ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል፤ አሁንም ከጨዋታ በፊት ጥቂት ደቂቃ ሰብስበን ሕጉን መንገር ጀምረናል። የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው።

እናቲቱ በመጨረሻ ፈቀዱ፤ ሳይመሽ እንድትመለስና ከዘመድ አንድ ሰው ከመስመሩ ዳር እንዲቆምላት ብቻ ለመኑኝ። በተከተለው ቅዳሜ የ9 ዓመት ወንድሟ የውሃ ጠርሙስ ታቅፎ መጣ።