ባዶው ሳሕን

ይህን የሚያነብ ያገሬ ሰው መጀመሪያ ይስቅብኝ ይሆናል። እኔም በራሴ ስቄ የጨረስሁት ነገር ስለሆነ አልቀየመውም። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በፍራንክፈርት ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ጸጉሩ የሸበተ አንድ ኢትዮጵያዊ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተንበርክኮ፣ ለአንድ አይጥ መሰል እንስሳ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የአጃ አጥሚት ያጠጣ ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ራሴ እራት ሳልበላ የማድርበት ጊዜ ነበር፤ እሱ ግን ሳይበላ አያድርም ነበር።

እንስሳው ሐምስተር ይባላል። ከአይጥ ወገን ነው፤ ዳሩ ግን ጅራቱ ከቁጥር የማይገባ አጭር፣ ጸጉሩ የተቆላ ገብስ የመሰለ፣ ጉንጮቹም እንደ ስልቻ የሚለጠጡ ናቸው። ልጄ ገዝታ ያመጣችው ዕለት፣ ከምታውቃቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዱን መርጣ «ቆሎ» ብላ ሰየመችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ፣ የተማሪዎቹ መኖሪያ እንስሳ አላስገባም አለ። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና «አባዬ፣ አደራ» አለችኝ። በተወለድሁበት በደብረ ብርሃን አይጥ የድመት ሲሳይ እንጂ የሰው አደራ ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ያቺን ቃል ከእኔ ካልሆነ ከማንም ልትማራት አትችልም ነበርና እምቢ ማለት አቃተኝ።

ስለ ዘሩ ሳነብ ልቤ ትንሽ ራራ። ይህ ወርቃማ የሚባለው ሐምስተር አገሩ ሶርያ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ በሐለብ ከተማ አቅራቢያ ከእርሻ መሬት ውስጥ አንዲት እናት ከነልጆቿ አስቆፍሮ አወጣና ወደ ኢየሩሳሌም ወሰደ። ዛሬ በየአገሩ በልጆች መኝታ ቤት የሚገኙት አብዛኞቹ፣ ከዚያ ቤተሰብ ተርፈው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ከተዋለዱት ጥቂቶች የወረዱ ናቸው። ከሐለብ የተሰደደች አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ይህን ስነግራት «እኔ አገሬ ላይ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም» ብላ ሳቀች። ቆሎም ሐለብን አያውቃትም ነበር።

ጀርመኖች ከዚህ እንስሳ ስም ግሥ አውጥተዋል፤ «ሐምስተርን» ሲሉ ማጋዝ፣ ለክፉ ቀን ማከማቸት ማለታቸው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ ሰዉ በዱቄትና በመጸዳጃ ወረቀት ሲሻማ፣ ይህች ቃል ከጋዜጣ ገጽ ጠፍታ አታውቅም ነበር። ሐምስተር ያገኘውን እህል ሁሉ እዚያው አይበላም፤ በጉንጩ ሞልቶ ወደ ጎጆው ይወስድና ይቀብረዋል። እኔ ቃሉን አውቄ ፍቺውን አላስተዋልሁም። በየማታው ጥራጥሬ እሰጠዋለሁ፤ በየጠዋቱ ሳሕኑን ባዶ አገኘዋለሁ። ልጄ በስልክ «ይበላል?» ስትለኝ «ሳሕኑን አጽድቶ ያድራል» እላት ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ምሽት ቤቱን ልጠርግለት በእጄ ሳነሣው የጀርባ አጥንቱ ጣቴን ቆረቆረኝ። ያ የሚያምር ጸጉር ክሳቱን ሸፍኖት ኖሯል። በዱቄት መመዘኛው ሚዛን ላይ አኖርሁት። 96 ግራም። በጸደይ ወራት ሐኪም ዘንድ ሲመዘን 142 ነበር። ጎጆውን ገልጬ ሳይ የሦስት ሳምንት እህል ከመጋዙ ሥር ተቆልሎ አገኘሁት። ሱፉም፣ ስንዴውም፣ አጃውም እንዳለ ነው፤ አንዱም አልተፈለፈለም። ሳሕኑ ባዶ የሆነው ስለ በላ አልነበረም።

ሐኪሟ አፉን ከፍታ አየችው። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ አንዱ ተሰብሮ፣ የታችኛው የሚያርፍበት አጥቶ እያደገ ሄዶ ላንቃውን ይወጋው ነበር። የእነዚህ እንስሳት የፊት ጥርስ ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ እርስ በርሱ ካልተሞረደ እንዲህ ይሆናል። ጥርሱን ከረከመችለትና እውነቱን ነገረችኝ፤ ሐምስተር የሚኖረው ሁለት ዓመት ግፋ ቢል ሦስት ነው፤ ይህ ሽማግሌ ነው፤ ከእንግዲህ ጠንካራ እህል አይሰብርም። «ለምን አላስታወቀንም?» አልኋት፤ ልክ ሰው ይመስል። «ለሌላ አውሬ የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል። የደከመ መስሎ የታየ ይበላልና» አለችኝ። የከፈልሁት ገንዘብ ከእንስሳው ዋጋ በላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የማስታመሙ ሥራ ተጀመረ። የደረቀ መኖውን በለብታ ውሃ አርሼ አላቁጠዋለሁ። አንድ ቀን አጃ በውሃ አበስላለሁ፤ ሌላ ቀን ጨው ያልነካው የተቀቀለ እንቁላል ወይም የዶሮ ሥጋ በጥፍር ያህል እሰጠዋለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ክልክል ነው፤ የሐበሻ ማዕድ ቤት ውስጥ ሁለቱ ያልነኩት ድስት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። በፎጣ ጠቅልዬ በግራ እጄ እይዘዋለሁ፤ አንድ ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ሲሪንጅ ከፊት ጥርሱ ኋላ ባለችው ክፍተት በጎን አስገብቼ ጠብታ በጠብታ እሰጠዋለሁ። ቸኩዬ ብገፋው ወደ ሳንባው ይገባል። ስለዚህ እሱ እስኪውጥ መጠበቅ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ማንንም ጠብቄ አላውቅም። ከዚያ እመዝነዋለሁ፤ ቁጥሩን በደብተር እጽፋለሁ። 96፣ 97፣ 97፣ 99። አንድ ግራም የጨመረ ዕለት ደስ ብሎኝ አድር ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ ሥራ ለእኔ አዲስ አልነበረም። የእንጀራ ገመዴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። መብላት ያቃታቸውን እናቶችና አባቶች በማንኪያ አጎርሳለሁ፤ ሲያልቅም ለእያንዳንዳቸው በተዘጋጀው ቅጽ ላይ እሞላለሁ። እራት፦ ግማሽ። ሾርባ፦ ሲሶ። ውሃ፦ 150 ሚሊ ሊትር። የሰው እናት ስንት ማንኪያ እንደዋጠች በፊርማዬ ያረጋገጥሁባቸው ወረቀቶች ቢቆለሉ ከቁመቴ ይበልጣሉ።

የራሴን እናት በተመለከተ ግን የነበረኝ መዝገብ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ደህና»። በየእሑዱ እደውላለሁ። «እማዬስ?» እላለሁ፤ ታናሽ እህቴ «ደህና ናት» ትለኛለች። እናቴም በስልኩ መስተዋት ውስጥ ጋቢዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ብቅ ትልና «ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ትላለች። ገንዘብ እልካለሁ፤ እንደ ደረሰ ይነገረኛል።

ኅዳር 8 ቀን እሑድ ስደውል የቆሎ ደብተር ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ከልማድ ይሁን ከሌላ እንጃ፣ እህቴን «ዛሬ ምን በላች?» አልኋት። ዝም አለች። ቆየት ብላ «ጋሼ፣ ጾም ላይ ናት እኮ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አየሁ። የጽጌ ጾም ኅዳር 5 ተፈትቷል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ረቡዕ አይደል፣ ዓርብ አይደል። እናቴ በዚያ እሑድ የምትጾመው ጾም በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

መልሼ ደወልሁ። እህቴ አስተማሪ ናት፤ ማለዳ ወጥታ ማታ ትገባለች። ጠዋት ከድናው የምትሄደው ምሳ ማታ ሳሕኑ ታጥቦ ተደፍቶ ይጠብቃታል። እራት ላይ እናቴ «ስእለት አለብኝ» ትላታለች። የእናታችንን ጾም ማን ይቆጥራል? «አልጋዋ ሥር እይ» አልኋት። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ የሚያውቀው የቆሎን ጎጆ የገለጠ ሰው ብቻ ነው። እህቴ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያለቀሰች ደወለች። አልጋው ሥር አንድ ከረጢት ሙሉ ድርቆሽ አግኝታለች፤ በየቀኑ ያልተበላው እንጀራ ተቆራርሶ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ። 1977 ዓ.ምን ያየች ሴት እንጀራ አትጥልም።

ነገሩ የጥርስ ነበር። የቀሩት መንጋጋዎቿ እየተወዛወዙ ድዷ ቆስሎ፣ ማኘክ ካቆመች ሁለት ወር አልፏታል። ክሊኒክ ስትመዘን 41 ኪሎ ሆነች። «ለምን አልተናገርሽም?» አልኋት፤ ለቆሎ ሐኪም ያቀረብሁትን ጥያቄ መልሼ። «እሷ በሥራ ደክማ ትገባለች። አንተ በሰው አገር ነህ። ለአንድ ጥርስ ስንቱን ላስቸግር?» አለችኝ።

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። አልቻልሁም፤ ይህን ትምህርት ያስተማርኋት እኔው ነኝና። በ1985 ዓ.ም. እዚህ አገር ስገባ፣ በስደተኞች መጠለያ ውስጥ የሚሰጠን ምግብ አልወርድ ብሎኝ፣ በሐሳብም ተይዤ፣ ሱሪዬ በገመድ እስኪታሰር ከስቼ ነበር። ለእናቴ የጻፍሁት ግን «ጠግቤ አድራለሁ፣ አታስቢ» ብዬ ነው። ከጓደኛዬ ወፍራም ካፖርት ተውሼ ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶግራፍም አብሬ ላክሁ። ያ ፎቶግራፍ ዛሬም ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔ በካፖርት እሷ በጋቢ ተሸፋፍነን፣ ሠላሳ ዓመት «ደህና» ስንባባል ኖረናል። የምንዋደድ ሰዎች ነን፤ የተደባበቅነውም ስለምንዋደድ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍቅር አንዱን ወገን በረኀብ ሊገድለው እንደሚችል ከዚያ በፊት አልታየኝም ነበር።

የታመሙት ጥርሶች ተነቀሉ። የንስሐ አባቷ ስለ ዕድሜዋና ስለ ሕመሟ ከጾሙ ፈቱአት፤ ወተቱን ግን በልመና ነው የጠጣችው። እህቴ አጥሚትና ገንፎ ትሠራለች፤ ፍትፍቱን በወጥ አርሳ ታላቁጠዋለች፤ እቤት የምትውል የጎረቤት ልጅም ምሳዋን አብራት ተቀምጣ ታበላታለች። እኔም ጥያቄዬን ለወጥሁ። «እንዴት ናት?» አልልም፤ «ምን በላች? ስንት ጉርሻ?» እላለሁ። እናቴ ከኋላ ሆና «ይኼ ልጅ መጋቢ ሆኖ ቀረ!» ስትል እሰማታለሁ። የቆሎን ነገር ስነግራት እስክታነባ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ «ያ አይጥህስ ምን በላ?» ማለት ጀመረች።

ቆሎ 108 ግራም ደረሰ። ከዚያ በላይ አልሄደም። በታኅሣሥ አጋማሽ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ 104፣ 101፣ 95። ልጄ ለፈረንጆቹ ገና ዕረፍት መጥታ ነበርና የማብላቱን ተራ ወሰደች። አያያዙን አሳየኋት፤ በጎን፣ ጠብታ በጠብታ፣ እስኪውጥ ጠብቂው። ታኅሣሥ 20 ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ በፎጣው እንደ ተጠቀለለ መዳፏ ላይ ሞተ። ሚዛኑን አላወጣሁትም። ጓሮ ያለው አንድ ወዳጄ ቦታ ሰጠንና ከአንድ የፖም ዛፍ ሥር ቀበርነው። ልጄ ከጎጆው የሰበሰበችውን እህል አብራ ጨመረችለት።

ከዚያ ተመልሰን ደብረ ብርሃን ደወልሁ። እናቴ ሰላምታውን ሳትጨርስ «አይጥህስ?» አለችኝ።

«ዛሬ ጠዋት ሞተ።»

ጥቂት ዝም አለች። «ትናንት በልቶ ነበር?»

«አንድ ሲሪንጅ ያህል።»

«እንኳን በልቶ ሞተ» አለች። ቀጥላም «አንተስ? በላህ?»

«አዎ፣ ጠግቤያለሁ» የሚለው ቃል ሠላሳ ዓመት የለመደውን መንገድ ይዞ ከአፌ ሊወጣ ነበር። ያዝሁት። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም፣ እማዬ» አልኋት።

«ልጅቷ አጠገብህ አለች?»

«አለች።»

«ስጠኝ እስቲ ስልኩን።»

ሰጠኋት። አያትና የልጅ ልጅ በተሰባበረ አማርኛ ምን እንደ ተባባሉ ሁሉንም አልሰማሁም። ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ምጣዱ ላይ የቀረውን እንጀራ አሙቃ አመጣች፤ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። እናቴ በስልኩ መስተዋት ውስጥ፣ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ እስክውጥ ድረስ ትጠብቅ ነበር።