ከሆለታ እስከ ጉደር፦ ላሟ፣ እረኛዋና ስልኩ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚያመራ መንገደኛ ቡራዩን አልፎ፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን እያቋረጠ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ አምቦ ይደርሳል። በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት የምትባለው ይህች ከተማ በማዕድን ውኃዋ በየቤቱ ትታወቃለች። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አልፎ ጉደር ይከተላል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ፣ የስንዴና የኑግ ማሳ፣ በየመካከሉም በጨፌ ላይ የተሰማሩ ከብቶች ይታያሉ። ከከብቶቹ ኋላ በትር የያዘ ልጅ አይታጣም። የአዲስ አበባ እናት ለልጇ ከምታፈላው ወተት ከፊሉ የሚመጣው ከዚሁ መሥመር ነው።

የልጁ ሥራ ከባድ የሚሆነው መቼ ነው? እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ከብት በየቃርሚያው ይለቀቃልና ጥበቃው ይቀላል። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት በመስከረም ግን አዝመራው ገና በማሳ ላይ ነው። እስኪታጨድ ድረስ አንዲት ላም ለአንድ አፍታ ብትዘናጋ የጎረቤት ጤፍ ይበላል፤ ጠብም ይነሣል። ስለዚህ ደብተር የሚያዝበት ወራትና በትር የሚያዝበት ወራት ይጋጫሉ። ብዙ ጊዜ የምትቀረውም ልጅቷ ናት።

ታዲያ ዘመናዊው ስልክ እረኛዋን ሊተካ ይችላልን? በአፋር ከ10 ዓመታት ገደማ በፊት አንድ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። አርብቶ አደሮች የልማድ ግጦሻቸውን በካርታ አመለከቱ፤ ሳተላይት ደግሞ ሣር የለመለመበትን ቦታ በየ10 ቀኑ አሳየ። በኋላም አፍሪስካውት በሚል ስም ካርታው በእጅ ስልክ መታየት ጀመረ። ይህ ለሩቅ ተጓዥ መንጋ የሚበጅ ነው። በአምቦ አካባቢ ግን ችግሩ ሣር የት እንዳለ አለማወቅ አይደለም፤ ቦታው ጠባብ፣ ማሳውም ቅርብ መሆኑ ነው።

እዚህ መፍትሔው ከብትን ቀንሶ፣ የተሻለች ላም በቤት አስሮ መቀለብ ነው። አጃን ቬች ከሚባለው የመኖ ጥራጥሬ ጋር መዝራት፣ ድርቆሽ ማከማቸት፣ በፋጉሎና በፉርሽካ መደጎም ይቻላል። የስልክ ጥቅም የሚጎላው በዚህ ጊዜ ነው። በ2006 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የተጀመረው 8028 የስልክ መሥመር፣ የግብርና ምክር ማንበብ ለማትችል ሴት እንኳ በድምፅ የሚደርስበትን መንገድ አሳይቷል።

ከዚህም በላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ላም ኮርማ የምትፈልገው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው። ጠዋት ምልክት ብታሳይ ከሰዓት በኋላ ልትዳቀል ይገባል። ይህ ካለፈ 21 ቀን ያህል መጠበቅ ግድ ነው፤ የጥጃውም የወተቱም ጊዜ በዚያው ልክ ይዘገያል። ምልክቱን ቀድማ የምታየው ማን ናት? ጋጣ የምትጠርገው፣ ላሟን የምታልበው እናት ናት። ስልኩ ግን ብዙውን ጊዜ ከባልዋ ኪስ ጋር ገበያ ወርዷል።

እርግጥ ነው፣ አዳቃይ ባለሙያው ካልመጣ ስልክ ብቻውን ላም አያስረግዝም። በበዓልና በሰንበት ባለሙያ የሚገኝበት ሁኔታ ሊታሰብበት ይገባል። የቤት ውስጥ ቀለብም ውኃ መቅዳትና ሣር ማጨድን ስለሚያበዛ፣ ሸክሙ ከልጅቷ ትከሻ ወርዶ በእናቲቱ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ባል ድርሻውን ሊወጣ ይገባዋል።

በከተማ የምትኖሩ እህቶች፣ ለገጠር ቤተሰብ ስልክ ስትገዙ በእናቲቱ ስም የወጣ ቁጥር ይኑርበት፤ የአዳቃዩንና የእንስሳት ሐኪሙን ቁጥርም መዝግባችሁ ስጧት። ጠዋት ከጋጣ የምትደውል እናት የላሟን ጊዜ ታተርፋለች። ላሟ በቤት ከተቀለበች ደግሞ ልጅቷ መስከረም ሲጠባ በትሩን አስቀምጣ ደብተሯን ትይዛለች።