በጎረቤት ፊት የሚሸጥ ንብረት

በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ከአዮዋ ወሰን አጠገብ በምትገኘው በዎርዚንግተን የሚኖር ሰው የከተማይቱን ጠባይ ማወቅ ቢፈልግ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ከመሄዱ አስቀድሞ፣ በአካባቢው ጋዜጣ የኋላ ገጾችና በሸቀጣ ሸቀጡ መደብር በር አጠገብ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ዐይኑን ቢያሳርፍ ይበጀዋል። በዚያ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ይገኛል፤ አንደኛው ሠራተኛ የሚፈለግበት ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ገበሬ ወይም የአንዲት ባልቴት ንብረት፣ የቤቱ ዕቃና የእርሻው መሣሪያ፣ በዕለተ ቅዳሜ ጠዋት በሐራጅ እንደሚሸጥ የሚገልጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ፣ ከተማይቱ ማንን እየተቀበለች ማንን እያሰናበተች እንደ ሆነ ይረዳል።

ዎርዚንግተን እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአስካሪ መጠጥ ርቀው ለመኖር የተማማሉ ሰፋሪዎች የቈረቈሯት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቈጠራ ነዋሪዋ ወደ 14,000 የተጠጋ ሲሆን፣ ዙሪያዋ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ነው፤ ኑሮዋም ይልቁን በአንድ ትልቅ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ላይ ያረፈ ነው። ከላቲን አሜሪካ፣ ከእስያ፣ ከሱዳንና ከእኛም አገር የመጡ ሰዎች ወደዚህች ሜዳ የተሰበሰቡት ስለዚህ ፋብሪካ ነው። ሃይማኖታቸው ያን ሥጋ እንዲቀምሱ የማይፈቅድላቸው ወገኖቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በብርዱ አዳራሽ ቢላዋ ይዘው እየቆሙ ልጆቻቸውን ለማስተማርና አገር ቤት ያለውን ወላጅ ለመጦር የሚያደርጉትን ትጋት፣ እኔ እንደ ታላቅ ተጋድሎ እቈጥረዋለሁ።

የሥራ ማስታወቂያው አጻጻፍ አጭር ነው። የአረጋውያን መጦሪያው አስታማሚ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ የአውቶቡስ ነጂና ወጥ ሠሪ ይፈልጋል፤ በጥቅምት፣ አዝመራው ሲደርስ፣ ገበሬው እህሉን ከማሳው ወደ ጎተራ የሚያመላልስለት የከባድ መኪና ነጂ ይፈልጋል፤ ከሥሩ የሰዓቱ ክፍያና የስልክ ቍጥሩ ይጻፋል፤ የፈለገ ሰውም በሩን አንኳኵቶ ይገባል። በአገራችን ግን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ወይም በመሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ፣ የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ ደረጃውን፣ ደመወዙን፣ የትምህርት ዝግጅቱንና የሥራ ልምዱን በሠንጠረዥ ከዘረዘረ በኋላ፣ አመልካቹ የማስረጃውን ዋናና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዞ በተወሰኑት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። በአራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ እያነበቡ፣ አድራሻውንና የመመዝገቢያውን ቀን በደብተራቸው የሚገለብጡትን ወጣቶች ያየ ሰው፣ በዚያች ሠንጠረዥ ውስጥ ስንት ተስፋ እንደ ተንጠለጠለ ያውቃል። ሥርዐቱ ክፉ ነው አልልም፤ ሹም ወንድሙን በጓሮ በር እንዳያስገባ የታሰበ ነውና፣ ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። የውጭው አገር በርም እንደሚወራለት ወለል ብሎ የተከፈተ አይደለም። በትንሽ ከተማ ውስጥ መልካሙ ሥራ፣ ማለት ጀርባ የማይሰብረውና ማታ ከልጆች ጋር ለማምሸት የሚያበቃው፣ በሰሌዳው ላይ ከመለጠፉ አስቀድሞ በአፍ ይሰማል፤ በአፍ የሚሰማውም ሰው ከሰው ጋር ቆሞ በሚጨዋወትበት ስፍራ ነው። ከነዚህም ስፍራዎች አንዱ፣ የእኛ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የማይደርስበት፣ ሐራጁ ነው።

የእርሻ ቤት ሐራጅ የሚደረገው በገበያ ሳይሆን በባለቤቱ ደጅ ነው። ከጠዋቱ መኪኖች በጠጠሩ መንገድ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ የመጣው ሰው ሁሉ መንጃ ፈቃዱን ለጸሐፊዋ አሳይቶ፣ ቍጥር የተጻፈበት ካርቶን ይቀበላል። ድርቆሽ ይጫንበት በነበረው ጋሪ ላይ ጥቃቅኑ ዕቃ ተዘርግቷል፤ መዶሻ፣ መፍቻ፣ በቆርቆሮ የታጨቀ ምስማር፣ የወጥ ድስት፣ በእጅ የተሰፋ ብርድ ልብስ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የፋሲካ ሰሐን። ትራክተሩና መከስከሻው በሜዳው ላይ በረድፍ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ጥቃቅኑ ቀድሞ ይሸጣል፣ ትልቁ ወደ ቀትር ይቀርባል። በጋራዡ ጥግ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን እናቶች ቡናና ፓይ እየሸጡ ለምጽዋት ገንዘብ ይሰበስባሉ። አጫራቹ አስቀድሞ 100 ዶላር ይላል፤ ዝም ሲሉት ወደ 50፣ ቀጥሎም ወደ 20 ይወርዳል፤ አንዱ ካርቶኑን ባነሣ ጊዜ ዋጋው እንደ ገና ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ድምፁ ሳያቋርጥ ይንቆረቆራል፤ ለማያውቀው ሰው ጩኸት ብቻ ነው፤ ለለመደው ግን እያንዳንዱ ቍጥር ጥርት ብሎ ይሰማዋል። ረዳቶቹ በሕዝቡ መካከል ቆመው፣ በዐይን ጥቅሻ ወይም በራስ ንቅናቄ የተሰጠውን ዋጋ በታላቅ ድምፅ ያስተላልፋሉ። የተሸጠውን የገዛው ሰው እንዳለ ይረከባል፤ ተሰንጥቆ ቢያገኘው መልስ የለውም።

በአንድ እንዲህ ባለ ቀን በቅርብ ያየሁትን አንድ ዕቃ ልግለጥ። ከምድር ቤት የወጣ ወፍራም የሸክላ ገንቦ ነበር፤ አፉ ሰፊ፣ ቀለሙ እንደ አጥንት ነጣ ያለ፣ በሆዱ ላይ ቀይ የወፍ ክንፍና በሰማያዊ ቀለም 20 የሚል ቍጥር የታተመበት። ቍጥሩ የሚይዘውን ጋሎን ያመለክታል፤ ክንፉ ደግሞ በዚሁ በሚኒሶታ በሬድ ዊንግ ከተማ የተሠራ መሆኑን ይመሰክራል፤ ያ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1967 ተዘግቷል። ቅርስ ነጋዴዎች ከሩቅ የመጡት ለእርሱ ነበርና፣ በጣታቸው ከንፈሩን እየዳበሱ ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ባለቤቲቱ ግን፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ በተጣጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት፣ አጠገቧ ለቆመው ሰው ሁሉ በዚያ ገንቦ እናቷ ጎመን ታኮመጥጥ እንደ ነበር ትናገራለች። ዋጋው ከጠበቀችው በላይ በወጣ ጊዜ ጎረቤቶቿ አጨበጨቡላት። እኔም ልቤ የተነካው በዚህ ነው፤ ሴቲቱ ዕድሜዋን በሙሉ የሰበሰበችው ንብረት በአንድ ቀን ሲበተን ብቻዋን አልተተወችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሰዎች፣ ምንም የማይገዙት እንኳ፣ ቀኑን ሙሉ አብረዋት ቆሙ። አንዳንዱ የማያስፈልገውን መዶሻ በ3 ዶላር ገዝቶ የሄደው፣ የባሏን መታሰቢያ በቤቱ ለማኖር ብሎ እንደ ሆነ ከአፉ ሰምቻለሁ።

ይህ አብሮ መቆም በዚያች ምድር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የእህል ዋጋ ወድቆ ባንኮች የገበሬውን እርሻና ከብት በዕዳ እያስያዙ በሚያሸጡበት ዘመን፣ በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች ጎረቤቶች አስቀድመው እየተማከሩ ወደ ሐራጁ ይመጡ ነበር። ለአንድ ፈረስ ወይም ለአንዲት ላም ጥቂት ሳንቲም ብቻ ይጠሩና፣ ከዚያ በላይ የሚጨምር እንግዳ ሰው ቢገኝ በዙሪያው ተጠጋግተው ቆመው ዝም ያሰኙታል፤ በአንዳንድ ስፍራም የመስቀያ ገመድ ከጎተራው ላይ አንጠልጥለው ያሳዩት ነበር። ንብረቱን በሳንቲም ከገዙ በኋላ እንዳለ ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ማስፈራራቱን አላመሰግንም፤ ነገር ግን ከዚህ እንቅስቃሴ የተነሣ የሚኒሶታው ገዥ ፍሎይድ ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዲህ ያለው ሽያጭ እንዲቆም አዘዘ፤ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ለባለ ዕዳዎች የጊዜ ፋታ የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1934 ሕጉን በ5 ለ4 ድምፅ አጸናው። ሕዝቡ በሐራጁ ሜዳ የጀመረው ነገር በሕግ መጽሐፍ ተጻፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በእኛ ዘንድ የእርሻ መሬት ሐራጅ የለም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ በኋላም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 40ኛ አንቀጽ መሬትን ከመሸጥና ከመለወጥ ስለ ከለከሉ፣ ገበሬው ሲያርፍ ወይም ሲደክም ይዞታው ለልጆቹ ይተላለፋል እንጂ በኤከርም በጥማድም አይጠራም። ከብቱ ቢሸጥ በገበያ ቀን፣ በደላላ መካከለኛነት፣ እጅ በእጅ እየተመታ ነው። የሟች ልብስ ለነዳያንና ለካህናት ይሰጣል፤ የእናት መሶብና እንስራ ለሴት ልጅ ይቀራል፤ ያረጀው ዕቃ በየሰፈሩ ለሚዞረው ቆራሌው ይወጣና ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ስለዚህ ያች የሚኒሶታ ሴት በአንድ ቀን በደጇ ላይ ያደረገችውን መበተን፣ የእኛ ቤተሰብ በዝምታና በረጅም ጊዜ ያደርገዋል። በዚህ ነገር የእኛን ልማድ እመርጣለሁ፤ የእናትን መሶብ እንግዳ ሰው እንዲጫረትበት ኅሊናዬ አይወድም።

ጨረታ የሚባለው በአገራችን በብዛት የመንግሥትና የድርጅት ሥራ ነው። ተጫራቹ የታደሰ የንግድ ፈቃዱንና የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦውን ይዞ፣ ዋጋውን ብዙ ጊዜ በታሸገ ፖስታ አስገብቶ፣ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ሲከፈት ይጠብቃል፤ መሥሪያ ቤቱም የተሻለ መንገድ ካገኘ ጨረታውን የመሰረዝ መብቱን ጠብቆ ይቆያል። ለመንገድና ለትምህርት ቤት ሥራ እንዲህ መሆኑ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን የመኖሪያ ቤት ሲሸጥ ነው። በ1990 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 97 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ባለዕዳው ካልከፈለ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ለመሸጥ ይችላል፤ የባለቤቱ ስም፣ የቤቱ ስፋት፣ የካርታው ቍጥርና መነሻ ዋጋው በጋዜጣ ይወጣል፤ ተጫራቹ የመነሻውን 1/4ኛ በሲፒኦ አስይዞ ይቀርባል። ባንክ የሕዝብ ቁጠባ ነውና ገንዘቡን ማስመለሱ ፍርድ ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲጠራ በአዳራሹ የሚገኙት ገንዘብ ያላቸው እንግዶች ብቻ ናቸው፤ በለቅሶና በሰርግ ከባለቤቱ ያልተለዩት ጎረቤቶች፣ የዕድሩ ዳኛና የንስሐ አባቱ በዚያ ሰዓት የሉም፤ ብዙ ጊዜም ነገሩን የሚሰሙት ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ያልሁት ሕዝባችን አብሮ መቆምን አያውቅም ለማለት አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የሚያምረውን ሐራጅ ያየሁት በራሳችን ቤተ ክርስቲያን ነው። በባዕድ አገር ያሉ ምእመናን ሕንፃ ለመግዛት ወይም የሕንፃውን ዕዳ ለመክፈል በንግሥ ቀን አንድ ሥዕለ ማርያም፣ አንድ ጥላ ወይም አንድ ድፎ ዳቦ ለጨረታ ያቀርባሉ፤ ከማኅበረ ምእመናኑ አንዱ 500 ሲል ሌላው 1,000 ይላል፤ እናቶች በእልልታ ያጅባሉ፤ ያሸነፈውም ሰው አንዳንድ ጊዜ ያገኘውን መልሶ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥና ያው ዳቦ እንደ ገና ይጫረታል። እነዚያ የሚኒሶታ ገበሬዎች ጎረቤታቸውን ለማዳን ዋጋውን ወደ ታች ይዘው ነበር፤ የእኛ ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸውን ለማቆም ዋጋውን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ በሁለቱም ስፍራ የሚናገረው የገበያው ሚዛን ሳይሆን የማኅበሩ ፈቃድ ነው። ለዳቦ ይህን ያህል የሚጨክን ማኅበር፣ ከአባሎቹ አንዱ ቤቱን ሊያጣ ባለ ጊዜ፣ የማስጠንቀቂያው ቀን ሳያልፍ ተሰብስቦ ለመምከር እንዴት ያንሰዋል? ዕድሮቻችን ለቀብር የሚያዋጡትን ያህል ባይሆን እንኳ ጥቂቱን፣ ሰው በሕይወቱ ሳለ ለሚደርስበት እንዲህ ላለ ጭንቅ ቢያኖሩ፣ ከባንኩ ጋር ቆመው ስለ አከፋፈሉ የሚነጋገሩ ሽማግሌዎች ቢመርጡ፣ ሕጉን ሳይነኩ ብዙ ቤት ያድናሉ ብዬ አምናለሁ።

በትንንሽ ከተሞች ለምትኖሩት፣ በዎርዚንግተንም ሆነ እርሷን በመሰሉት፣ በሥጋ ፋብሪካው ለምትደክሙት ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ የምለው አለኝ። ከፋብሪካው ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ብቻ የምንመላለስ ከሆነ፣ የምንኖርባት ከተማ ሥራችንን እንጂ እኛን አታውቀንም፤ ልጆቻችንም ባደጉበት አገር እንግዳ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ወደ እርሻ ቤቱ ሐራጅ ውጡ፤ እነዚህ ሐራጆች እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ይልቁን ብዙዎቹ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ገብተዋል፤ በደጅ የሚደረጉት እየቀነሱ ነውና፣ ሳያልቁ ሂዱ። መንጃ ፈቃድ ያዙ፤ ቍጥር ውሰዱ፤ ከምታቅዱት ዋጋ እንዳታልፉ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በአንዳንዱ ስፍራ ከጨረታው ዋጋ በላይ የገዢ ኮሚሽን እንደሚጨመር ጠይቁ፤ የገዛችሁትን ከባድ ዕቃ የምታጓጕዙበትን መኪና አዘጋጁ። ባትገዙም ከእነዚያ እናቶች ቡናና ፓይ ግዙና ከሰዎቹ ጋር ቁሙ፤ ከየት እንደ መጣችሁ፣ ምን ዓይነት ሙያ እንዳላችሁ፣ ልጆቻችሁ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማሩ ንገሯቸው፤ እነርሱም ማን ሠራተኛ እንደሚፈልግ ይነግሯችኋል። የመጪው ቅዳሜ ማስታወቂያ በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል።