መኪና የሌለው እንግዳ የት ይደር?

ወደማያውቀው ከተማ የሚጓዝ ሰው ስለ ስንቁና ስለ ልብሱ አስቀድሞ ያስባል፤ የማደሪያውን ነገር ግን «ስደርስ አየዋለሁ» ብሎ ያቆየዋል። ይሁን እንጂ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተያዘ ማደሪያ የመጡበትን ጉዳይ ሊያሰናክል ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ መኪና ያለው እንግዳ ማደሪያው ቢርቀው የሚጨምረው ነዳጅ ነው፤ መኪና የሌለው ግን ጊዜውንና ጉልበቱን ይከፍላል።

ይህን በምኖርበት ሰፈር ላስረዳህ። አዲሱ ገበያ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ ይገኛል። ከጎንደርና ከጎጃም የሚመጣው አውራ ጎዳና ሱሉልታን አልፎ ጋራውን ከተሻገረ በኋላ ከተማዋን የሚያገኛት በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ዘመድ ያለው የሰፈራችን ሰው ቤቱ ከእንግዳ አይለይም። ሰፈሩ ግን ከፍታ ላይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ሲል፣ የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከመሀል ከተማ ወደ እኛ የሚመጣ ሁሉ ሽቅብ ይጓዛል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በሰሜን በኩል የተዘረጋው እስከ ምኒልክ አደባባይ ስለሆነ ዳገቱን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የአውቶቡስና የታክሲ ነው።

የእናቴ ታላቅ እኅት ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተላኩ ጊዜ፣ በቤታችን ክርክር ተነሣ። ከእኛ ሰፈር ወደ ሆስፒታሉ ለመሄድ መጀመሪያ ፒያሳ መውረድ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል፤ ማታ ደግሞ ተሰልፎ ያንኑ መንገድ ሽቅብ መመለስ አለ። እናቴ ግን «እታለም፣ እኅትሽ እያለሁ አልጋ ቤት ብታድሪ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። አክስቴም ፈገግ ብለው፣ «እኔ የመጣሁት ጉልበቴን ላድን እንጂ ልጨርሰው ነው እንዴ?» ሲሉ መለሱላት። በመጨረሻ ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ አልጋ ተያዘላቸው። እናቴ በየቀኑ ምግብ ይዛ እየወረደች ጠየቀቻቸው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እኛ ዘንድ ወጥተው ቡና ጠጡ። ዝምድናውም አልጎደለ፣ ሕክምናውም አልተስተጓጎለ።

እንግዲህ አንተም ማደሪያ ስትመርጥ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድም። አንደኛ፣ ጉዳይህ የት ነው? በስንት ሰዓትስ ይጀምራል? በማለዳ የምትፈለግበት ቦታ ካለ በተቻለ መጠን ወደዚያ ቀርበህ እደር። ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ትሳፈራለህ? ርቀት በካርታ ላይ ሲያዩት ያታልላል፤ ሁለት ታክሲ ከሚያስለውጥ ቅርብ ቦታ ይልቅ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ሩቅ ቦታ ሊሻል ይችላል። ሦስተኛ፣ ማታ እንዴት ትመለሳለህ? ጠዋት ቁልቁል ያወረደህ መንገድ ማታ ዳገት ሆኖ ይጠብቅሃል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡና ጭቃው ይጨመርበታል። ከፌርማታው እስከ በሩ ያለው መንገድ መብራት እንዳለውም ጠይቅ።

በዋጋም ቢሆን አትታለል። የአልጋው ሒሳብ ቢረክስም የደርሶ መልሱን ታክሲ ደምርበት፤ ሲመሽ ታክሲ በኮንትራት ለመያዝ የምትገደድ ከሆነማ ርካሹ አልጋ ውድ ይሆናል።

ይህን ስል አዲሱ ገበያ ለእንግዳ አይመችም ማለቴ አይደለም። ጉዳዩ እዚያው ጉለሌ ውስጥ የሆነ፣ ወይም ሱሉልታ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰፈር አያገኝም። አንዱን ሰፈር ለአንዱ እንግዳ ቅርብ፣ ለሌላው ሩቅ የሚያደርገው የእያንዳንዱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚያስተናግድህን ዘመድ አክብር፤ ነገር ግን የመጣህበትን ጉዳይና አቅምህን ሳትደብቅ ንገረው። በሚገባ የተነገረው ዘመድ አይቀየምም፤ መንገዱንም ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው እርሱ ነውና የሚስማማህን ማደሪያ አብሮህ ይፈልጋል።